ብርቄን ያመሰገንሁበት ክረምት

ሰኞ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ወረታ

ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል። ወይዘሪት ሰብለ ቀኑን ሙሉ አንበርክካ አዋለችን። ቅጣት አይደለም፣ ትምህርት ነው። ሕፃንን ከላይ ወደ ታች እያዩ አያናግሩትም፤ ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብሎ ዓይን ለዓይን ነው አለች። አብራን የምትማረው ስንዱ የቄስ ልጅ ናትና፣ «እኛ ቤት የሚሰገደው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው» ብላ አሳቀችን።

የክረምቱ ትምህርት በዚህ ተጀመረ። ጧት ጧት እኛ እንማራለን፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች ይመጡልንና በነሱ እንለማመዳለን። አስተማሪያችን ከጎንደር የመጣች ናት። ክረምቱ ሲያልቅ ከኛ ያለፈች፣ በመስከረም በሚከፈተው የትንንሾች ክፍል ታስተምራለች። ወይዘሪት ሰብለ «መዋዕለ ሕፃናት» ትለዋለች፤ የከተማው ሰው «የልጆች መዋያ» ይለዋል። ደብረ ታቦር ስምንተኛን ጨርሼ ከተመለስሁ ወዲህ ከእማ ጋር ገበያ ተቀምጬ በርበሬ ከመስፈር በቀር ያገኘሁት ሥራ የለም። ይኼ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም።

ዛሬ የተማርነው፦ መንበርከክ። ልጁን በስሙ መጥራት። በጭቃ ሲጫወት አለመቆጣት። የሠራው ነገር ትንሽም ቢሆን በሰው ፊት ማመስገን።

የመጨረሻውን ስትናገር ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ስለሱ መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ፲፫

ልጆቹ መጡ። ግማሾቹ እያለቀሱ፣ ግማሾቹ የእናታቸውን ቀሚስ እንደያዙ። አንዱ የስንዱ ጭን ላይ ሸናባት። ከሜዳው የመጣ ጥቁር ጭቃ ተሰጣቸውና ዝም አሉ፤ ጭቃ የማያስታርቀው ልጅ የለም።

ብርቄ የምትባል አለች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታለች፤ አባቷ ወታደር ሆኖ ሐረር ነው። ያሳደጓት አያቷ እሜቴ ላቀች፣ ከከተማው በታች ሜዳው ውስጥ ይኖራሉ። ለዚህ ትምህርት ብለው አጎቷ አያ ደሴ ዘንድ ከተማ አስገቧት። እስከ ዛሬ ከዓይናቸው ርቃ አታውቅም ይባላል።

ይህች ልጅ ላም ሠራች። ቀንዷ፣ ሻኛዋ፣ ጡቷ ሳይቀር። ከሥሯ ጥጃ አስቀመጠችላት። እኔም እንደተማርሁት ተንበርክኬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ብርቄ፣ እንዴት ያለች ላም ናት! እጅሽ ጎበዝ፣ ዓይንሽ ጎበዝ» አልኋት። ስቃ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጭቃዋ ቀሚሴን አበላሸው፤ ደስ አለኝ።

ቀና ስል በሩ ላይ የአያ ደሴ ሚስት እቴቴ ጥሩነሽ ቆማለች። ልትወስዳት መጥታ ነው። ፈጥና ገባች፣ የልጅቱን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች፣ ራሷ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችና ይዛት ወጣች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ስንዱም አንዱን ልጅ አመስግናለች። የሱ እናት «አሜን፣ ያሳድግልኝ» ብላ ስቃ ወሰደችው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ ፲፬

ዝናቡ ሳያባራ አደረ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቷል አሉ። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ቆሜ ሳይ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኗል፤ ከብቱን ወደ ደጋው እየነዱት ነው።

ብርቄ አልመጣችም። ማታውን አንቀጥቅጧት ገላዋ እሳት ሆኗል፣ ጎህ ሲቀድ በበቅሎ ለጸበል ወደ አያቷ ወስደዋታል ብላ ስንዱ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም።

ቤት ስገባ እማ ሰምታ ጠበቀችኝ። «ምን ብለሽ ነው ያመሰገንሻት?» አለችኝ። ነገርኋት። «እግዜር ይጠብቅሽ ብለሻል?» አላልሁም። ወይዘሪት ሰብለ ካስተማረችን ውስጥ እሱ አልነበረበትም።

እማ መደብ ላይ ተቀመጠችና ስለ አባቴ ታወራ ጀመር። አባቴ ባለ እጅ ነበር፤ ብረት እየቀጠቀጠ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። የዚህ ሜዳ ገበሬ ሁሉ ያረሰው በሱ ማረሻ ነው። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፣ እጁን ግን አይጨብጡትም። አራስ ካለበት ቤት በር ደርሶ አያውቅም ነበር አለች። መንገድ ላይ የምታጠባ ሴት ካየ ፊቱን አዙሮ ይቆም ነበር፣ እስክታልፍ። «እሱ ፈርቶ አልነበረም፤ እኛን አስቦ ነው» አለች።

ይህን ሁሉ በልጅነቴ ነግራኛለች። ደብረ ታቦር የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚያውቅ ስላልነበረ ረሳሁት።

እንግዲህ ቃሉን ልጻፈው። ቡዳ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ ፲፭

የመጡት ልጆች ጥቂት ናቸው። የመጡትም አንገታቸው ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም የተቋጠረበት ጨርቅ ታስሮላቸዋል። ክፍሉ ሁሉ ሸተተ።

መዝሙር የማስተማር ተራው የኔ ነበር። ገና ስጀምር አንዲት ሕፃን ዓይኗን በሁለት መዳፏ ሸፈነች። «ምነው?» አልኋት። «እናቴ ዓይኗን እንዳታዪ ብላኛለች» አለች፣ ምንም ሳትከፋ። ሌሎቹ ጨዋታ መሰላቸውና እነሱም ሸፈኑ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ለሸፈኑ ልጆች ዘመርሁላቸው። እነሱም ከሥር እየሳቁ ተቀበሉኝ።

ወይዘሪት ሰብለ ከኋላ ቆማ ስታይ ኖሮ፣ አዲስ ጨዋታ አመጣሽ ብላ አመሰገነችኝ። ከዚህ በኋላ መደበቁ ከበደኝና ሁሉንም ነገርኋት። በጣም ተቆጣች። በእኔ አይደለም፣ በሰዉ። ነገ ወላጆችን ሰብስቤ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ አለች። እባክሽ ተይው ብዬ ለመንኋት። እሷ መስከረም ሲጠባ ጎንደር ትገባለች፤ እኔ እዚሁ ነኝ።

ስንዱ ዛሬ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቤ ያፈሳል ብላ ነው። ጣሪያው ግን በሁሉም በኩል ያፈሳል።

ዓርብ፣ ሐምሌ ፲፮

አያ ደሴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ተቀመጡ ብትላቸው እማ፣ እንቆማለን አሉ። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ልጅቱ ለፍልፋለች አለ። ሌሊቱን ሁሉ «አስተማሪዬ፣ አስተማሪዬ» ስትል ነው ያደረችው።

ስለምትወደኝ ነው የጠራችኝ። እነሱ ዘንድ ግን የተበላ ሰው ሲለፈልፍ የበላውን ነው የሚጠራው።

«ነይና እንትፍ በይባት» አለኝ። «የያዝሽውን ልቀቂ። ከዚያ በኋላ ነገር የለንም።»

ወባ ነው፣ ውሃው ከመጣ ወዲህ ስንቱ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት አልሁት። መርፌ የሚወጋ ድሬሰር የሰው ዓይን በምን ያክማል አለ። ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ ቅዳሴ መውጫ ታስብበት አሉ። አያ ደሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ «ልጅቱ ከሞተች ግን እጄ የሚሠራውን እኔም አላውቅለትም» አለ። ይህን ያለው ለእማ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ሲሄዱ እማ ነጠላዬን ይዛ ተከትላቸው ወጣች። ስትመለስ የነጠላዬ ጫፍ ተቀዷል። ልጅቱን ሊያጥኗት ጨርቄን ጠይቀዋት ኖሯል፤ ቀድዳ ሰጠቻቸው። «ቡዳ እንደሆንሁ መሰከርሽብኝ» አልኋት። «ጨርቅ ይውሰዱ፤ አንቺን ከሚወስዱብኝ» አለች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ ፲፯

ጨርቄን አጨሱባት። አልተሻላትም። ገበያው የሚያወራው ይህን ብቻ ነው። እማ በርበሬዋን እንደያዘች ተመለሰች፤ ሊጠይቃት የቆመ እንኳ አልነበረም። ከሰዓት በፊት በራችን ላይ ድንጋይ አረፈ። ወጥቼ ሳይ መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ዝናብ ብቻ።

ወይዘሪት ሰብለ ቤት ድረስ መጣች። ነገሩ እስኪበርድ አትምጪ ብለዋል አለችኝ። ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ያን ሁሉ ቁጣዋን አጣሁት፤ ሲናገሩ ዓይን ለዓይን ነው ያለችን ሴት እግሯን እያየች ነበር የምታወራኝ።

ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ድሬሰሩ አቶ ታምሩ ነገሩን ሰምቷል። ሳላያት መማል አልችልም እንጂ ወባ ይመስለኛል፣ ኪኒኑም አለ አለኝ። «እንግዲያ ለምን አይሄዱም?» አልሁት። ሳልጠራ ገብቼ ልጅቱ ብትሞት የገደላት ኪኒኑ ነው ይሉኛል አለ። እውነቱን ነው።

እዚያው ከጣሪያው ሥር ቆምሁ። እንትፍ ካልሁ በራሴ አፍ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። አላልሁም እንበል፤ ልጅቱም ትሞታለች፣ እኔም ያው ነኝ። በየትም ብሄድ ስሜ ከዚህ ወዲያ አይድንም። ስሜ ካልዳነ ልጅቱስ ለምን አትድንም?

ተመልሼ ገባሁ። «ቢጠሩዎትስ?» አልሁት። «በሁለት እግሬ» አለ።

ከዚያ በቀጥታ አያ ደሴ ቤት። በሩ ላይ ቆሜ እንዲህ አልሁት፦ «እመጣለሁ። እንትፍም እላለሁ። ግን ድሬሰሩ አብሮኝ ይገባል፤ የሚሰጣትንም ትውጣለች። ያለዚያ አልመጣም።»

«ከለቀቅሻት ኪኒኑ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«የማይሠራ ከሆነ አይጎዳትም» አልሁት።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። እማ ስነግራት ጮሃ አላለቀሰችም። ከዚህ በኋላ ማን ያገባሻል፣ ማንስ ልጁን አምኖ ይሰጥሻል ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የደረቀ ልብሴን አወጣሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ ፲፰

ተመልሻለሁ። በሥርዓት ልጻፈው።

አያ ደሴ ከፊት፣ በዱላው ውሃውን እየለካ። አቶ ታምሩ ቦርሳውን ራሱ ላይ ተሸክሞ። እኔ ከኋላ። ውሃው አንዳንድ ቦታ ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ ታፋ ይደርሳል። ከሥሩ የማን ማሳ እንደሆነ እንኳ አይለይም። እግሬ ላይ አልቅት እንደተጣበቀ ያወቅሁት ስወጣ ነው።

ቤቱ ጉብታ ላይ ነው። ግቢው ሞልቷል። ስገባ ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ፣ ለቄስ እንደሚከፈለው። ሴቶቹ ጡት የሚጠቡትን ልጆች እየሸፈኑ ወደ ጓሮ ሄዱ።

እሜቴ ላቀች ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ብድግ ብለው ተነሡልኝ። ያን ጊዜ ነው ውስጤ የተሰበረው፤ የአያቴ እኩያ ሴት ፈርተውኝ ሲነሡ። «ልጄ፣ ባለማወቅ ያስቀየምንሽ ካለ ይቅር በይን» አሉኝ። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ምንም አላስቀየሙኝም እሜቴ» አልሁ።

ብርቄ ቁርበት ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ የዓይኗ ነጭ ብጫ ሆኗል። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «አስተማሪዬ» አለች። ከኋላዬ አንድ ሰው «ይኸው» ሲል ሰማሁ።

አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። ሞከርሁ፣ አልወጣም። ሁሉም ይጠብቃል። ልጅቱ ትኩር ብላ ታየኛለች፤ ምን እንደማደርግ አልገባትም። በመጨረሻ እንትፍ አልሁ፣ ግንባሯ ላይ። ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ።

አቶ ታምሩ ኪኒኑን ፈጭቶ በማር ለውሶ አጎረሳት። አስመለሳት። ቆይቶ እንደገና አጎረሳት፣ ያዘላት። የቀረውን በወረቀት ጠቅልሎ ለእሜቴ ላቀች ሰጠና መቼ መቼ እንደሚሰጧት ነገራቸው። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግን ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም። ኪኒኑን ከመሶቡ ሥር አስቀምጠው እንደሚረሱት ገባኝ።

ስለዚህ ጠጋ ብዬ፣ «እሜቴ፣ ያን ሁሉ ካላስዋጧት የእኔ እንትፍታ አይሠራም» አልኋቸው።

ወረቀቱን ጡታቸው ሥር ከተቱት።

ዋሸሁ። ደግሞም እንደ ቡዳ ነው የተናገርሁት፣ ሥልጣን እንዳለው ሰው። ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ ፲፱

ገብርኤል ነው፤ ትምህርት የለም። ከበሮው እስከ ቤታችን ይሰማል። እማ ሄዳ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አስቀድሳ መጣች።

ከሜዳው ወሬ የለም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ዋልሁ። ዝናቡ ሲያባራ ለቅሶ እሰማ ይሆን እላለሁ፤ ሲዘንብ ደግሞ ቢለቀስም አይሰማም እላለሁ። አንድ ጊዜ የሴት ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ፤ ላሟን ማጥ የያዘባት ጎረቤት ናት።

እማ ዕቃ እያሰረች ነው። ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ እንሂድ ትላለች፣ አሁኑኑ፣ ወሬው ሳይመጣ። ከሄድን በሠራሁት አመንሁ ማለት ነው አልኋት። «አምነሽ የለ እንዴ?» አለችኝ። ልታቆስለኝ ብላ አይደለም፤ ደክሟታል። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

እንጀራ አልወርድልኝ አለ። ዛሬ ይህን ብቻ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ፳

ተርፋለች።

አያ ደሴ ከጧቱ መጣ። በሩን አልተሻገረም፤ ቅል ሙሉ ቅቤ ደፉ ላይ አስቀመጠ። «ትኩሳቱ ለቀቃት። ወተት ስጡኝ አለች» አለ። በሩን ያዝሁ። እማ መሬቱን ሳመች።

«ፈታሻት፤ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።

«ኪኒኑ ነው አያ ደሴ።»

«እሱም ረድቷል» አለና ሄደ። ኪኒኑን ግን አላቋረጡም፤ እሜቴ ላቀች አንዱንም አላስቀሩም አለ። ደስታዬ እውነተኛ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ምን እንደሆነ አላውቅም።

እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ አንዲት የማላውቃት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ከሩቅ መንደር ናት፣ እስከ ወገቧ ርሳለች። ልጁን አውርዳ እግሬ ሥር አስቀመጠችና እንትፍ በይልኝ አለች። ልጁን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ወደ አቶ ታምሩ ውሰጂው አልኋት። መጀመሪያ አንቺ አለች። እምቢ ብል ይዛው ልትመለስ ነው። እንትፍ አልሁና «አሁን በቀጥታ ጤና ጣቢያ፤ ያለዚያ አይሆንም» አልኋት። በዚያ በኩል ስትታጠፍ አይቻለሁ። ትድረስ አትድረስ አላውቅም።

ወይዘሪት ሰብለ ወሬውን ሰምታ መጣች። ነገ ተመለሺ ተብሏል አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ተቆጣችኝ፤ በዕውቀት ማሸነፍ ሲገባሽ አንቺው አጸናሽላቸው አለች። ልጅቱ ብትሞትስ ኖሮ አልኋት። ሁለታችንም እውነት ያለን ይመስለኛል፤ የማያስማማንም እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ ፳፩

ተመለስሁ። ስንዱ ተነሥታ ሳመችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከፊሎቹ ልጆች መጥተዋል። ሁሉም አንገታቸው ላይ ቋጠሮ አለ። ብርቄ ገና አልተነሣችም፤ ውሃው ሲጎድል ትመጣለች ብለው አያቷ ልከዋል። መላካቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አቆመና ልጆቹን ደጅ አወጣናቸው። ሲሯሯጡ አለሚቱ የምትባለው ድንጋይ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ ደማች። ስንዱ ቀርባት ነበር፣ ወይዘሪት ሰብለም ነበረች። እያለቀሰች ሁለቱንም አልፋ ወደ እኔ ሮጠች። ሳላስበው አነሣኋት። ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ሞቃ ነበር። ከሩጫው ይሁን ከሌላ አላወቅሁም፤ መዳፌን ግንባሯ ላይ ማሳረፍ ፈራሁ።

ቀና ስል እናቷ የግቢው በር ላይ ናት። መቼ እንደመጣች አላየሁም። ቆማ ብዙ አየችን። ልጅቱን ላውርዳት ብል አንገቴን አልለቅ አለች።

እናትየዋ ቀስ ብላ መጣች፣ ልጇን ተቀበለችኝ፣ የተላጠውን ጉልበት አየች። የሚያስፈራ ነገርም፣ የሚያጽናና ነገርም አልተናገረችም። «እግዜር ይማርሽ» አልሁ ለልጅቱ፣ ሁለት ጊዜ፣ እናትየዋ እንድትሰማኝ። አዘለቻትና ሄደች። ልጅቱ ከጀርባዋ ላይ ዞራ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ደግሞ ሊዘንብ ጉም ከሐይቁ በኩል እየመጣ ነው። ነገ እናቷ አለሚቱን ታመጣት እንደሆነ አያለሁ።